ስለ አፈር ተን ምርመራ ዕቅድ
መርዝ ፈስሶበታል በሚባል ቦታ ላይ ቤት ከመሠራቱ በፊት መታወቅ የሚገባው፤ በሐርጌሳ የአንበጣ መድኃኒት መጋዘን ምሳሌነት

በማናቸውም ከተማ ለቤት፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለገበያ የሚሆን ቦታ ሲሰጥ በመጀመሪያ የሚታየው ወሰኑ፣ መንገዱና ውሃው ነው። ከመሬቱ በታች ያለው ነገር ግን ለዓይን ስለማይታይ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይቀራል። ይሁን እንጂ ቀድሞ የነዳጅ ማደያ፣ ጋራዥ፣ የፀረ ተባይ መድኃኒት መጋዘን ወይም የቆሻሻ መጣያ በነበረበት ስፍራ፣ በአፈሩ ውስጥ የቀረው ፈሳሽ ቀስ በቀስ ወደ ተን እየተለወጠ በወለሉ ስንጥቅ በኩል ወደ ሰው መኖሪያ ሊገባ ይችላል። ይህንን ለማወቅ የሚደረገው ሥራ የአፈር ተን ምርመራ ይባላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለከተማ ነዋሪዎችና ለማዘጋጃ ቤት ሹማምንት ምርመራው እንዴት እንደሚታቀድ ማስረዳት ነው። ቱቦውን የሚተክሉትና አየሩን የሚመዝኑት ባለሙያዎች ናቸው፤ ነገር ግን ስለ ምን እንደሚመረመር የሚወስነው፣ ገንዘቡን የሚፈቅደውና በውጤቱ መሠረት ትእዛዝ የሚሰጠው የአስተዳደር ሹም ስለ ሆነ፣ ሥራውን በጥቂቱም ቢሆን ማወቅ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሐርጌሳው መጋዘን ታሪክ

የሶማሌ ምድር ከጥንት ጀምሮ የበረሃ አንበጣ መተላለፊያና መራቢያ ነው። በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን አንበጣውን ለማጥፋት መርዝ ከብራን ጋር ተደባልቆ በየግጦሹ ይበተን ነበር። አርብቶ አደሩ ሕዝብ ግመሉና በጉ በዚህ መርዝ እንዳያልቁበት በመፍራት በ1945 በመንግሥቱ ላይ ዐመፅ እስከ ማንሣት ደርሷል። ይህን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ የምርመራን ዕቅድ ለሚያወጣ ሰው ትልቅ ትምህርት አለበትና።

ከዚያ በኋላ በ1962 በአዲስ አበባ በተፈረመ ውል የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ኢትዮጵያና ሶማሊያም አባሎች ሆኑ። ሐርጌሳ የአንበጣ መከላከያው ሥራ ከሚካሄድባቸው ከተሞች አንዷ ስለ ነበረች የፀረ አንበጣ መድኃኒት በዚያ ይከማች ነበር። በእነዚያ ዘመናት ለዚህ ሥራ ከዋሉት መድኃኒቶች መካከል ቢ.ኤች.ሲ. እና ዲልድሪን፣ በኋላም ፌኒትሮቲዮን፣ ማላቲዮንና ዲያዚኖን ይገኛሉ።

በ1988 ጦርነቱ ሐርጌሳ ሲደርስ ከተማዋ በአውሮፕላንና በመድፍ ተደብድባ አብዛኛው ክፍሏ ፈረሰ። ሕዝቡም ድንበር እየተሻገረ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ፤ ከጅጅጋ በስተ ምሥራቅ በሐርትሼክ የተተከለው ሰፈር በዘመኑ በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ የስደተኞች ሰፈሮች አንዱ ለመሆን በቃ። ጠባቂ ያጣው መጋዘንም ፈረሰ፤ ዕቃው ተዘረፈ፤ በበርሜል የነበረውም መድኃኒት በመሬቱ ላይ ፈሰሰ። ከ1991 በኋላ ስደተኛው ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ቤት የሌለው ሁሉ ባገኘው ባዶ ቦታ ላይ ስለ ሰፈረ፣ በዚሁ መጋዘን አካባቢም መኖሪያ ተሠራ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2005 ስለ ሶማሊያ የአካባቢ ይዞታ ባወጣው ጥናት ይህንን የሐርጌሳ ቦታ ከአሳሳቢዎቹ መካከል ቆጥሮታል።

ነገሩ የሐርጌሳ ብቻ ነው ማለት አይደለም። በኢትዮጵያም በየአውራጃው መጋዘን ተከማችቶ የቆየ፣ ጊዜው ያለፈበት የፀረ ተባይ መድኃኒት ከ1,000 ቶን የሚበልጥ ተሰብስቦ ከ2000 ወዲህ በአውሮፓ ልዩ ምድጃዎች እንዲቃጠል ተልኳል። በርሜሉ ተጭኖ ከሄደ በኋላ ግን በርሜሉ የተቀመጠበት አፈር እዚያው ይቀራል። በአሜሪካም ላቭ ካናል በሚባለው መንደር ከ20,000 ቶን በላይ የፋብሪካ ኬሚካል በተቀበረበት ቦይ አጠገብና ላይ ትምህርት ቤትና መኖሪያ ቤት ተሠርቶ፣ በ1978 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የአደጋ ጊዜ ዐዋጅ እስኪያወጡና ሕዝቡ ከቤቱ እስኪነሣ ድረስ ደርሷል። ቦታው ሲሰጥ ጥቂት ጥያቄ ተጠይቆና መልሱ ሥራ ላይ ውሎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ተን ከመሬት ወደ ቤት የሚገባበት መንገድ

አፈር ድፍን ነገር አይደለም። በቅንጣቶቹ መካከል ባዶ ቀዳዳ አለ፤ በዚያም ውስጥ አየር ይገኛል። ቤንዚን፣ ላምባ ወይም ሌላ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ በአፈር ውስጥ ሲገኝ ተኑ ከዚህ አየር ጋር ይቀላቀላል። የተቀላቀለውም አየር በሁለት መንገድ ይንቀሳቀሳል። አንደኛው፣ በድስት የሚንተከተክ ወጥ ሽታው ጓዳውን ሞልቶ ወደ እልፍኝ እንደሚደርስ፣ ተኑ ከበዛበት ወደ አነሰበት ቀስ በቀስ መሰራጨቱ ነው። ሁለተኛው፣ የአየር ግፊት ሲለዋወጥ ከመሬት ተስቦ መውጣቱ ነው።

ሁለተኛውን ነገር በግልጽ ያሳየ አደጋ መጋቢት 24 ቀን 1986 በእንግሊዝ አገር ሎስኮ በምትባል መንደር ደርሷል። በዚያ ቀን የአየሩ ግፊት በ7 ሰዓት ውስጥ በ29 ሚሊባር ያህል ዝቅ ስላለ፣ በአቅራቢያው ከነበረው የቆሻሻ መጣያ የመነጨው ሚቴን የሚባል ጋዝ በመሬት ውስጥ ሄዶ ከአንድ መኖሪያ ቤት ወለል ሥር ገባ፤ ቤቱም ፈንድቶ ፈረሰ፤ በውስጡ የነበሩትም ሦስት ሰዎች ቆሰሉ። ይኸው ቤት በሌላ ቀን ተመርምሮ ቢሆን ምናልባት አንዳች ነገር ባልተገኘበት ነበር። ስለዚህ የምርመራው ቀንና የአየሩ ጠባይ የዕቅዱ ክፍል ናቸው እንጂ እንደ ትርፍ ነገር የሚታዩ አይደሉም።

የሚተንና የማይተን መርዝ

በሐርጌሳው ዓይነት ቦታ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ መለየት የሚገባው ይህ ነው። በአንድ መጋዘን ሥር የሚገኘው መርዝ ሁሉ አንድ ጠባይ የለውም።

ዲልድሪን እጅግ በጥቂቱ ብቻ የሚተን፣ አፈርን አጥብቆ የሚይዝና ለብዙ ዓመታት ሳይፈርስ የሚቆይ ነው። በስቶክሆልም በ2001 በተፈረመው ዓለም አቀፍ ውል መጀመሪያ ከተከለከሉት ዐሥራ ሁለት ኬሚካሎች አንዱ የሆነውም በዚህ ጠባዩ ነው። ዲልድሪን ወደ ሰው የሚደርሰው በይበልጥ በአቧራ፣ በእጅ፣ በምግብና በእንስሳት ስብና ወተት በኩል ነው። ስለ እርሱ ለማወቅ አፈሩ ራሱ ተቆፍሮ መመርመር አለበት።

በሌላ ወገን ደግሞ የሚረጨው መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚሟሟው በናፍጣ፣ በላምባ ወይም ክሲሊን በሚባለው ፈሳሽ ነው። በመጋዘኑ ግቢ የመኪናና የአውሮፕላን ነዳጅ ተከማችቶ ይሆናል፤ ሞተርም የታጠበበት ፈሳሽ ይኖራል። እነዚህ ይተናሉ፤ በአፈር ተን ምርመራም ሊያዙ ይችላሉ። ከነዳጅ ውስጥ ከሚገኙት ሁሉ የሚያስፈራው ቤንዜን የሚባለው ነው፤ ይኸውም በመኪናው ቤንዚን ውስጥ የሚገኝ አንድ ክፍል እንጂ ራሱ ቤንዚኑ አይደለም። የደም ካንሰር የሚያመጣ በመሆኑ የዓለም የጤና ድርጅት በ2010 ስለ ቤት ውስጥ አየር ባወጣው መመሪያ ለቤንዜን ጉዳት የሌለው መጠን ተብሎ ሊወሰን የሚችል ልክ የለም ብሏል።

እንግዲህ አንድ ሹም «የአፈሩ ተን ተመርምሮ ንጹሕ ሆኗል» የሚል ወረቀት በእጁ ይዞ ቦታውን ለመኖሪያ ቢፈቅድ፣ ሕፃናት ዲልድሪን ባለበት አቧራ ላይ ሲጫወቱ ሊውሉ ይችላሉ። ወረቀቱ ሐሰት አይደለም፤ የመለሰው ግን ያልተጠየቀውን ጥያቄ ነው። ናሙና የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል። ዕቅድ የሚያስፈልግበት ዋና ምክንያትም ይኸው ነው።

የዕቅዱ አወጣጥ

አንደኛ፤ ውሳኔው አስቀድሞ ይጻፍ። ምርመራው የሚደረገው በቦታው ላይ የሚኖሩት ሰዎች ይቆዩ ወይም ይነሡ ለማለት ነውን? አዲስ ትምህርት ቤት ለመሥራት ነውን? ወይስ ነዳጁ ወደ ጎረቤት መሬት ምን ያህል እንደ ሄደ ለማወቅ? የእነዚህ ለእያንዳንዳቸው የናሙናው ቦታና ቁጥር ይለያያል። ውጤቱ ይህን ያህል ከሆነ ይህ ይደረጋል፣ ከዚያ ከበለጠ ደግሞ ይኸኛው ይደረጋል የሚለው ከቁፋሮው በፊት በወረቀት ላይ ሰፍሮ መፈረም አለበት። ውጤቱ ከመጣ በኋላ የሚወጣ ደንብ ለሁሉም ወገን ጥርጣሬን ያመጣል።

ሁለተኛ፤ የቦታው ታሪክ ይሰብሰብ። ቀድሞ መጋዘኑን የጠበቁ፣ በርሜል ያወረዱ፣ መኪና የነዱና በአካባቢው ያረጁ ሰዎች ይጠየቁ። በርሜሎቹ የት ተደርድረው ነበር? ማጠቢያው፣ የነዳጁ ታንክና የመጸዳጃው ጉድጓድ የት ነበር? ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ወዴት ይወርድ ነበር? አሮጌ ካርታና ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶግራፍ ካለ ይፈለግ። እንደ ሐርጌሳ መዝገቡ በጦርነት በጠፋበት ከተማ የሽማግሌዎች ትዝታ ከመዝገብ የሚቆጠር ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ መርዙ ከየት እንደ ተነሣ፣ በምን መንገድ እንደሚሄድና ማንን እንደሚያገኝ የሚያሳይ አንድ ቀላል ሥዕል ይነደፋል። ናሙናው የሚወሰደው ይህ ሥዕል እውነት ወይም ስሕተት መሆኑን ለመፈተን ነው።

ሦስተኛ፤ ሕዝቡ ይነገረው። በ1945 አርብቶ አደሩን ለዐመፅ ያነሣሣው በከብቱ ግጦሽ ላይ መርዝ ሲበተንበት በሚገባ ያልተረዳውና ያላመነበት ሥራ ስለ ሆነ ነበር። ዛሬም ጓንትና ጭምብል ያደረገ እንግዳ ሰው በድንገት መጥቶ በአንድ ግቢ ቱቦ ሲተክል ያየ መንደርተኛ ወይ ይሸበራል፣ ወይ ቤቱን ሊወስዱበት እንደ መጡ አድርጎ ይገምታል። ስለዚህ ከሥራው በፊት ሽማግሌዎቹና የቤቱ ባለቤቶች ተሰብስበው ምን እንደሚደረግ፣ ውጤቱ መቼና በማን እንደሚነገራቸው ሊነገራቸው ይገባል። በተለይም በምግብና በውሃ ሥራ ላይ የሚውሉት ሴቶች በዚህ ስብሰባ እንዳይታለፉ፤ የትኛው ክፍል እንደሚሸት፣ የትኛው በርሜል ከየት እንደ መጣ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

አራተኛ፤ የናሙናው ቦታና ጥልቀት ይወሰን። ቱቦዎቹ መርዙ ፈሷል በሚባልበት መካከል፣ በዚያና በቤቶቹ መካከል፣ እንዲሁም በቤቶቹ አጠገብ ይተከላሉ። መርዝ አልነካውም በሚባል ንጹሕ ስፍራም ለማወዳደሪያ አንድ ቱቦ ይተከል። ጥልቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 ሜትር ማነስ የለበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው አፈር ከውጭ አየር ጋር ስለሚቀላቀል ውጤቱን ያሳንሰዋል። በአንዳንዱ ጉድጓድ በሁለትና በሦስት ልዩ ልዩ ጥልቀት ናሙና ቢወሰድ፣ ተኑ ወደ ላይ ሲመጣ መጠኑ የሚቀንስ መሆኑ ይታወቃል። ቤቱ የሲሚንቶ ወለል ካለው ወለሉ ተበስቶ ከወለሉ ሥር ያለው አየር ይወሰዳል። ከመቆፈር በፊት የውሃና የመብራት መስመር መኖሩ ይረጋገጥ።

አምስተኛ፤ ወቅቱ ይመረጥ። በሐርጌሳ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ጂላል የሚባለው ደረቅ ወራት ሲሆን፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው ጉ ዋናው የዝናብ ወራት ነው። ደረቅ አሸዋ ተንን በቀላሉ ያሳልፋል። ዝናብ የጠጣ አፈር ግን ቀዳዳው በውሃ ስለሚሞላ ተኑን ይዘጋዋል፤ እንዲያውም ተኑ ወደ ላይ መውጣት ሲሳነው ወደ ጎን እየሄደ ደረቅ ሆኖ በቆየው በቤት ወለል ሥር ሊከማች ይችላል። ስለዚህ ከብርቱ ዝናብ በኋላ ቢያንስ 5 ቀን ሳይታለፍ ናሙና አይወሰድም። ትልቅ ውሳኔ ለሚሰጥበት ቦታ ደግሞ አንድ ጊዜ በደረቅ፣ አንድ ጊዜ በእርጥብ ወራት፣ ሁለት ጊዜ መመርመር ይገባል። በየጊዜውም የአየሩ ግፊት፣ ሙቀቱና ነፋሱ ይመዝገብ።

የናሙናው አወሳሰድ

ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ ቀጭን ቱቦ ይወርዳል። ጫፉ በአሸዋ ይከበባል፤ ከአሸዋው በላይ ያለው ክፍል ውሃ ሲነካው በሚያብጥ ቤንቶናይት በሚባል ሸክላ ይደፈናል። ከዚያም መሬቱ እስኪረጋ ድረስ፣ እንደ አቆፋፈሩ ዓይነት ከ2 ሰዓት እስከ 2 ቀን መጠበቅ አለበት።

ከዚህ በኋላ ሁለት ነገር ይደረጋል። በቱቦው ውስጥ የቆመው አሮጌ አየር ተስቦ ይጣላል፤ የሚጣለውም የቱቦውን ይዘት ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ለምሳሌ ውስጡ 4 ሚሊሜትር የሆነና ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ቱቦ 25 ሚሊሊትር ያህል ስለሚይዝ 75 ሚሊሊትር ይጣላል፤ በጫፉ ዙሪያ ባለው አሸዋ መካከል ያለውም አየር አብሮ ይታሰባል። ሁለተኛው የማሾለክ ፈተና ነው። የቱቦው አፍ በሚወጣበት ቦታ ላይ ክዳን ተደፍቶ በውስጡ ሂሊየም የሚባል ጉዳት የሌለው ጋዝ ይለቀቃል። ይህ ጋዝ በናሙናው ውስጥ ከተገኘ ከላይ ያለው አየር ሾልኮ ገብቷል ማለት ነው፤ ቱቦውም እንደገና ይደፈናል። ይህ ፈተና ያልተደረገበት «ንጹሕ» ውጤት የሜዳ አየር ውጤት ሊሆን ስለሚችል እምነት አይጣልበትም።

አየሩ የሚሳበው ቀስ ተብሎ፣ በደቂቃ ከ200 ሚሊሊትር ባልበለጠ መጠን ነው። ስለዚህ አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ለመሙላት ከ5 ደቂቃ ያላነሰ ይፈጃል። መያዣው ውስጡ አየር አልባ የተደረገ የማይዝግ ብረት ጣሳ ወይም ተኑን ይዞ የሚያስቀር ዱቄት ያለበት ቱቦ ይሆናል። ቤተ ሙከራው በሌላ አገር የሚገኝ ከሆነ ናሙናውን እስከ 30 ቀን የሚያቆይ የብረት ጣሳ ይመረጣል፤ የፕላስቲክ ከረጢት ከጥቂት ቀን በላይ አያቆይም፣ በአውሮፕላንም ሲጫን ይጎዳል።

እዚህ ላይ ለደጋ አገር ሠራተኞች አንድ ማስታወሻ ይጨመራል። ጣሳው ባዶ መሆኑን የሚያሳየው መለኪያ በባሕር ጠረፍ ወደ 30 ኢንች ገደማ ያነባል። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ያው ጣሳ በዚያ 26 ኢንች ያህል ብቻ ያነባል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ወደ 23 ኢንች ይወርዳል። ይህንን የማያውቅ ሠራተኛ ደኅናውን ጣሳ ቀዳዳ ነው ብሎ ሊመልሰው፣ ወይም የሾለከውን ጣሳ ደኅና ነው ብሎ ሊቀበለው ይችላል።

ከየ10 ናሙናው አንዱ በእጥፍ ይወሰድ፤ የሁለቱ ውጤት የተራራቀ ከሆነ በአወሳሰዱ ላይ ጉድለት አለ። ነፋስ ከሚመጣበት ወገን የውጭ አየር ናሙናም ይወሰድ። እያንዳንዱ ጣሳ ቁጥር፣ ቦታ፣ ጥልቀት፣ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ይያዝለት፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም ሰጪውና ተቀባዩ ይፈርሙበት። በሥራው ጊዜ ሲጋራ ማጨስም ሆነ በምርመራው ቀን በነዳጅ የተነካ እጅና ልብስ ይዞ መቅረብ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ አንድ ጠብታ ቤንዚን የቀኑን ሥራ ሁሉ ያበላሻል።

በቤተ ሙከራው ከሚታዘዙት ምርመራዎች መካከል ቤንዜንና ሌሎቹ የነዳጅ ተኖች፣ ክሎሪን ያለባቸው የማጠቢያ ፈሳሾች፣ እንዲሁም ኦክሲጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ይገኙበታል። ኦክሲጅኑ የሚመረመርበት ምክንያት አለው። በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ኦክሲጅን እስካገኙ ድረስ የነዳጅን ተን እየበሉ ይቀንሱታል፤ በክሎሪን የተሠሩትን ፈሳሾች ግን በዚህ መንገድ ሊቀንሷቸው አይችሉም ማለት ይቻላል። ሚቴን ደግሞ በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን እሳት ከነካው ይፈነዳል።

ውጤቱን ስለ ማንበብ

ውጤቱ የሚመጣው በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ስንት ማይክሮግራም እንዳለ ተጽፎ ነው። ይህ ግን በአፈሩ ውስጥ ያለው መጠን እንጂ ሰው በቤቱ የሚተነፍሰው አይደለም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ያህል ከአፈሩ ተን ውስጥ 3 በመቶው ወደ ቤት ይገባል ተብሎ ይታሰባል። በዚህ ሂሳብ በአፈር 1,000 ማይክሮግራም ከተገኘ በቤት 30 ይሆናል ተብሎ ይገመታል።

ሆኖም ይህ ቁጥር የተገኘው ከአሜሪካ ቤቶች ነው። በምንጣፍና በእንጨት የሚሠራው የሶማሌ አቃል አየር በየወገኑ ስለሚያሳልፈው ተኑ ይበተናል፤ ነገር ግን ወለሉ ያው አፈር ስለ ሆነ ተኑን የሚከለክለው ነገር የለም። በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠራው ቤት ወለሉ ይከላከላል፤ ሌሊት መስኮቱ ሲዘጋ ግን በስንጥቅ የገባው ተን ይታቆርበታል። ስለዚህ ቁጥሩ ቀድሞ አደገኛውን ከማያሰጋው ለመለየት የሚያገለግል ወንፊት ነው እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ከወንፊቱ በላይ የቀረው ቤት ውስጡ ያለው አየር ራሱ መመርመር ይገባዋል። በዚያን ጊዜም የላምባ መብራትና ምድጃ፣ የሞተር ቤንዚንና ቀለም ከቤቱ አስቀድሞ መውጣት አለበት፤ ያለዚያ ከምድጃው የመጣው ከመሬት እንደ መጣ ተደርጎ ይቆጠራል።

ሽታን መመርኮዝም አይገባም። የቢ.ኤች.ሲ. ክርፋት ጥቂት ቢሆንም እንኳ ብዙ ሰው ያስጨንቃል፤ ቤንዜን ግን ለአፍንጫ ከመታወቁ በፊት ለጤና ከሚያሰጋው መጠን በላይ ሊሆን ይችላል። የሚሸት ሁሉ አደጋ፣ የማይሸትም ሁሉ ደኅና አይደለም።

ምርመራን የማይጠብቁ ሥራዎች

ዕቅድ ማውጣት ጊዜ ይወስዳል። ነገር ግን «ምርመራ ላይ ነው» የሚለው ቃል ምንም ላለመሥራት ሰበብ ሊሆን አይገባም። መርዝ መፍሰሱ በታወቀበት ቦታ ከዛሬ ጀምሮ ሊሠሩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። የመርዝ በርሜል የነበረ ዕቃ ስንት ጊዜም ቢታጠብ ለውሃና ለእህል መያዣ እንዳይውል ሕዝቡ ይከልከል፤ ባዶ በርሜል ተፈላጊ በሆነበት አገር በምትኩ ሌላ የውሃ ማስቀመጫ ካልተሰጠ ግን ክልከላው በወረቀት ላይ ይቀራል። የረከሰው መሬት ይታጠር፤ አቧራው እንዳይነሣ በንጹሕ አፈር ይሸፈን፤ ከብትና ፍየል እንዳይሰማሩበት፣ ሕፃናትም እንዳይጫወቱበት ይጠበቅ። ከዚያ አፈር ለጭቃ ቤትም ሆነ ለመንገድ ሙሌት አይወሰድ። በአጠገቡ የጉድጓድ ውሃ ካለ ምርመራው እስኪያልቅ ለመጠጥ አይዋል። ጎርፍ አፈሩን ወደ ወንዙ ወስዶ በሌላ መንደር እንዳያፈሰው መውረጃው ይጠበቅ፤ በሐርጌሳ መካከል የሚያልፈው የመሮዲ ጄሕ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ቢመስልም በዝናብ ጊዜ ሲሞላ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

የተገኘውም ውጤት፣ ደግም ሆነ ክፉ፣ በተቀጠረው ቀን ለነዋሪዎቹ በሚያውቁት ቋንቋ ይነገራቸው። በጽሕፈት ቤት መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ ውጤት ለቤቱ ባለቤት እንዳልተመረመረ ያህል ነው።

ለማጠቃለል ያህል፣ አዲስ ቦታ ለመስጠት ብዕሩን ያነሣ ማንኛውም የማዘጋጃ ቤት ሹም ከመፈረሙ በፊት እነዚህን አራት ነገሮች ይጠይቅ፤ በዚህ መሬት ላይ ቀድሞ ምን ነበረ? የቀረው ነገር የሚተን ነው ወይስ በአፈር የሚቀር? ምርመራው የተደረገው ለየትኛው ነው? ውጤቱስ በውሉ ከተወሰነው ልክ ጋር ተመዛዝኗል ወይ? መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ ካለ ፊርማው ይቆይ። ነዋሪውም በበኩሉ ስለሚኖርበት መሬት የሚያውቀውን ሳይሸሽግ ለመርማሪዎቹ ቢነግር፣ ስለ ራሱና ስለ ልጆቹ ጤና ከሁሉ የሚበልጠውን ማስረጃ ሰጠ ማለት ነው።